ባሌትና ኦፔራ በካዛንቺስ ሳሎን

ባሌትንና ኦፔራን በቀጥታ ስርጭት ከቤት ሆኖ ማየት ማለት ቪየና፣ ለንደን ወይም ሚላኖ መድረክ ላይ የሚቀርብን ትርኢት በዚያው ምሽት በኢንተርኔት ተቀብሎ በስልክ፣ በላፕቶፕ ወይም በቴሌቪዥን መመልከት ነው። በእነዚያ ከተሞች ይህ የቲያትር ቤት ምትክ ነው፤ ትኬት የተወደደበት፣ ጉልበቱ የደከመበት ወይም ልጅ የሚይዝለት ያጣ ሰው ሶፋው ላይ ሆኖ ያያል። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይለያል። ከተማዋ የኦፔራ ቤት የላትም፤ ዓመቱን ሙሉ መድረክ የሚወጣ የባሌት ቡድንም የላትም። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ካዛንቺስ ውስጥ ለተቀመጠ ተመልካች ቲያትር ቤቱ ራሱ ስክሪኑ ነው። ስለዚህ የምስሉ ጥራት፣ የድምፁ ነገር፣ የሰዓቱ ልዩነትና የካሜራው አያያዝ ለእሱ ትልቅ ጉዳዮች ናቸው፤ ጥበቡ የሚደርሰው በእነሱ በኩል ብቻ ነውና።

ቃሉ በአማርኛ “ት”ን ይዞ ባሌት መባሉ ደግ ሆነ። ፈረንሳዮቹ እንደሚጠሩት “ት”ን ውጦ ቢቀር ኖሮ፣ ስለ ውዝዋዜው የምታወራ ሴት ስለ ትዳሯ የምትናገር፣ ወንዱም ስለ ጎባና ሮቤ የሚተርክ ይመስል ነበር።

ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው ከኦፔራ አገር ቋንቋ ነው። በ5ቱ የወረራ ዓመታት ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ተቋም በአህጽሮት “ኢንቺስ” ይባል ነበር፤ “ካዜ ኢንቺስ”፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት፣ በከተማው ሰው አንደበት ካዛንቺስ ሆነ። የታክሲ ረዳቱ ቀኑን ሙሉ “ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!” ሲል ሳያውቀው ጣሊያንኛ ይጣራል። ሰፈሩ ብዙ ዓይነት መድረክ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ያለበት የአፍሪካ አዳራሽ እዚያው አጠገብ ነው፤ የአዝማሪ ቤቶቹም ዝና ከከተማው አልፎ ውጭ አገር ደርሶ ነበር። በ2017 ዓ.ም ግን በኮሪደር ልማቱ የድሮው ካዛንቺስ አብዛኛው ፈረሰ፤ ጎረቤትና ጎረቤት ተለያየ።

ትርኢትን ከሩቅ የመቀበል ሐሳብ ከኢንተርኔት በብዙ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1881 ፓሪስ ውስጥ በተካሄደው የኤሌክትሪክ ዐውደ ርእይ ክሌማን አዴር የተባለ መሐንዲስ በኦፔራው መድረክ ጠርዝ ላይ የስልክ ድምፅ መቀበያዎችን ደረደረ። ጎብኚው ራቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ በእያንዳንዱ ጆሮው አንድ አንድ ማዳመጫ ይዞ፣ ዘፋኙ ከግራ ወደ ቀኝ ሲራመድ ድምፁም አብሮ ሲሄድ ሰማ። ዛሬ ስቴሪዮ የሚባለው ነገር ያኔ ተጀመረ ማለት ይቻላል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ1931 የገና ዕለት “ሀንዝልና ግሬትል”ን በሬዲዮ አስተላለፈ። ይኸው ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ወደ ሲኒማ አዳራሾች በሳተላይት በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ፤ በ2008 የበርሊን ፊልሃርሞኒክ በኢንተርኔት የራሱን የኮንሰርት አዳራሽ ከፈተ፤ በ2013 የቪየና ስቴት ኦፔራ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ኦፔራቪዥን ተቋቋመ፤ የብዙ አገር ኦፔራ ቤቶችን ሥራ ያለ ክፍያ የሚያሳይ በመሆኑ ለአዲስ አበባ ተመልካች ከሁሉ የቀረበው በር ይህ ነው።

አዲስ አበባም ትርኢትን በመስኮት ማየት ከጀመረች ቆይታለች። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ቀን፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንጻ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር የአንዱ ሳሎን የሰፈሩ አዳራሽ ሆነ፤ ልጆች ምንጣፉ ላይ፣ ጎልማሶች ወንበር ላይ፣ ቦታ ያጣው በር ላይ። የአዲስ ዓመት ዋዜማን ሙዚቃ በዚህ ዓይነት ሳሎን ውስጥ ተጋፍቶ ያየ ትውልድ አሁንም አለ። ያ ስርጭት የአንድ አገር ነበርና ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቀመጥ ነበር። የዛሬው ከሌላ ክፍለ ዓለም ይመጣል፤ በሌላ ሰዓትም ይመጣል።

የሰዓቱ ሂሳብ ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው ያሳስታል። የቪየና ትርኢት በእነሱ አቆጣጠር 19፡00 ሲጀምር፣ አዲስ አበባ ላይ በእነሱ ቀዝቃዛ ወራት ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በሞቃቱ ወራት 2 ሰዓት ይሆናል፤ እነሱ በዓመት 2 ጊዜ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፣ ኢትዮጵያ አታዛውርም። ለንደን 19፡30 ሲሆን በቀዝቃዛው ወራት እዚህ 4፡30 ነው። የኒውዮርክ ምሽት ደግሞ እዚህ ከሌሊቱ 8፡30 ወይም 9፡30 ላይ ይውላል፤ ዶሮ ሊጮህ ሲል መሆኑ ነው። በቀዝቃዛው ወራት ከቪየና የሚመጣ፣ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ኦፔራ ከነእረፍቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ያልቃል። እረፍቱ 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ እዚያ ታዳሚው መጠጥ ይዞ ደረጃው ላይ ሲንሸራሸር፣ እዚህ ሻይ ይጣዳል፣ የተኛ ልጅ ይሸፈናል፣ ስልኩ ቻርጅ ላይ ይሰካል።

ከቤት ሆኖ ትርኢት የማየት አመል በብዙ ቤት የገባበት ወቅት የታወቀ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ኢትዮጵያ ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ፣ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ዝግጅቶችም እንዲቆሙ መንግሥት አስታወቀ። በዚያችው ዕለት ሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ በሩን ዘግቶ፣ በየምሽቱ አንድ ኦፔራ በነጻ መልቀቅ ጀመረ፤ የመጀመሪያዋ “ካርመን” ነበረች። ነገሩ በትክክል ሲባል ቀጥታ አልነበረም፤ ቀደም ሲል ለሲኒማ የተቀረጹ ትርኢቶች ነበሩ። በአዲስ አበባ ሰዓት ከሌሊቱ 8፡30 ላይ ይከፈትና ለ23 ሰዓት ቆይቶ ይዘጋል። ስለዚህ የካዛንቺሱ ተመልካች ሌሊት መነሣት አላስፈለገውም፤ ጠዋት ቡና ሲቆላ የመጀመሪያውን ገቢር፣ ከምሳ በኋላ ሁለተኛውን ማየት ይችል ነበር። በሰኔ መጨረሻ ግን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለ3 ሳምንት ያህልም ተዘግቶ ቆየ። ኒውዮርክ በየምሽቱ መልቀቋን አላቆመችም፤ የሚቀበላት ግን አልነበረም።

መስመሩ ሲኖርም የዳታው ነገር አለ። ጥሩ ጥራት ያለው ምስል በሰከንድ 5 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል፤ ይህ በሰዓት 2.25 ጊጋባይት፣ በ3 ሰዓት ኦፔራ ወደ 7 ጊጋ የሚጠጋ ነው። ጥራቱ በሰከንድ ወደ 1 ሜጋቢት ሲወርድ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበቃል። ፓኬጅ ገዝቶ የሚያይ ሰው የዋግነርን ኦፔራዎች ርዝማኔ በደቂቃ ሳይሆን በጊጋ ነው የሚያውቀው። ስርጭቱ የሚጓዘው በጥቂት ሰከንዶች እየተቆራረሰ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራሽ በተለያየ ጥራት ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ ስልኩ ኔትወርኩን እየለካ የሚችለውን ይመርጣል። ኔትወርኩ ሲዳከም የባሌሪናዋ ፊት አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን የሚሆነው፣ ከባሰም ያ ክብ መሽከርከር የሚጀምረው ለዚህ ነው። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ ቀድሞ ይሞታል፤ ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፣ የተገዛው ፓኬጅም ተመልካቹ ሳያስብበት ይነጉዳል።

በዚህ አሠራር ምክንያት “ቀጥታ” የሚባለው ስርጭት ከእውነተኛው ቅጽበት ከ20 እስከ 40 ሰከንድ ይዘገያል። ይህን ለማስረዳት ካዛንቺስ ውስጥ ኳስ የሚያይ ሰው ይበቃል። ዲኤስቲቪ ቤት የተሰበሰበው ሰው “ጎል!” ብሎ ሰፈሩን ሲያናጋው፣ ጎረቤት ሆኖ በስልኩ የሚያየው ኳሷን ገና መሀል ሜዳ ላይ ያገኛታል። ዲሹ ከኢንተርኔቱ ይፈጥናልና። ኦፔራ ግን ጎረቤት የለውም፤ ቀድሞ የሚጮህ ስለሌለ መዘግየቱ አይታወቅም። ኳስ በጋራ፣ ኦፔራ ለብቻ የሚታይበት ሰፈር ውስጥ አንዱ የሚያበሳጭ፣ ሌላው የማይሰማ ችግር ነው።

ወደ ድምፁ ሲመጣ ጉዳዩ ይጠልቃል። የኦፔራ ዘፋኝ ማይክ አይጠቀምም። ከፊቱ 60 ወይም 70 ሙዚቀኛ ተቀምጦ ሲጫወት ድምፁ ከሁሉ በላይ ተንሳፎ እስከ ላይኛው ሰገነት ይደርሳል። ምስጢሩ ጩኸት አይደለም። የኦርኬስትራ ጉልበት የሚበዛው ወደ ታችኛው የድምፅ ክልል፣ 500 ኸርዝ አካባቢና ከዚያ በታች ነው፤ የሠለጠነ ዘፋኝ ደግሞ ጉሮሮውን አደላድሎ በ3,000 ኸርዝ አካባቢ፣ ኦርኬስትራው ስስ በሆነበት ቦታ፣ ድምፁን ያጎላል። የሰው ጆሮም ለዚያ ክልል ንቁ ነው። አሁን ይህን ወደ ስልክ ስፒከር እናምጣው ቢባል አንድ አስገራሚ ነገር ይታያል፦ ትንሿ ስፒከር 3,000 ኸርዝን በደንብ ታወጣለች፣ ከ200 ወይም ከ300 በታች ያለውን ግን ትጥላለች። ስለዚህ በስልክ ዘፋኙ ይተርፋል፣ ባሶቹና ቼሎዎቹ ይጠፋሉ። የኦፔራ አቀናባሪው ቨርዲ ሞትን በባስ ሲያንኳኳ የስልኩ ተመልካች ዝምታ ይሰማል። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ከትልቅ ስክሪን የሚቀድመው ለዚህ ነው፤ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ለጆሮ ይዋል።

ያለ ማይክ ከፍ ብሎ መሰማት ለአካባቢው ጆሮ እንግዳ ነገርም አይደለም። ድምፅ ማጉያ ከመምጣቱ በፊት መሪጌታው ከቅኔ ማሕሌት ዐጸዱ ላይ እስከ ቆመው ሰው ድረስ የሚሰማው በጉሮሮው ብቻ ነበር። ዛሬ ግን በዋዜማ ሌሊት የቅዱስ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ካዛንቺስን ያዳርሳል፤ የኦፔራዋ ሶፕራኖ ድምፅዋን ወደ ሹክሹክታ ባወረደችበት ደቂቃ የሰዓታቱ ዜማ በመስኮት ይገባል። ሁለቱ በቃና ይጣላሉ፤ በሰዓት ግን ይገናኛሉ። መስኮት መዝጋት መፍትሔ ነው የሚል ካለ፣ የቆርቆሮ ክዳንና ባለ አንድ መስታወት መስኮት ያለው ቤት አይቶ አያውቅም።

ከድምፁ ቀጥሎ ካሜራው ነው፤ በባሌት ከድምፁም ይቀድማል። አዳራሽ ውስጥ ተመልካቹ የሚያየውን ራሱ ይመርጣል። በስርጭት የሚመርጥለት የቪዲዮ ዳይሬክተሩ ነው፤ ኖታውን ከፊቱ ዘርግቶ፣ ከበርካታ ካሜራዎች በየሰከንዱ አንዱን ይወስዳል። የአዲስ አበባ ዓይን ደግሞ የራሱ ልምድ አለው። እስክስታ በትከሻ፣ በአንገትና በደረት የሚኖር ውዝዋዜ ነው። የቴሌቪዥን ካሜራ ተወዛዋዡን ከወገብ በላይ ሲያሳይ እስክስታው ሙሉ ነው፤ ቀረብ ሲል እንዲያውም ይደምቃል፣ የትከሻው ንዝረትና የፊቱ ፈገግታ በአንድ ፍሬም ይገባሉ። ከልጅነት ጀምሮ በዚህ ዓይነት ምስል ያደገ ተመልካች፣ ካሜራው ወደ ባሌሪናዋ ፊት ሲጠጋ ስጦታ ይመስለዋል። የተወሰደበትን ነገር አያስተውልም። ባሌት ከእጅ ጣት ጫፍ እስከ እግር ጣት ጫፍ የሚነበብ አንድ መስመር ነው፤ ከወገብ በታች የተቆረጠ ባሌት ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። እዚህም ልዩነቱን የሚያውቅ አለ፤ የጉራጌን ጭፈራ ከወገብ በላይ ብቻ ያሳየ ካሜራ ማን ከጨፋሪዎቹ የሚደርስበት ወቀሳ ባሌት አዋቂው ከሚያሰማው አይለይም። እግሩ ከሌለ ጭፈራው የለም።

“የዳክዬ ባሕር” ተብሎ እንዳይተረጎም የሚያሰጋው የቻይኮቭስኪ ባሌት፣ ስዋን ሌክ፣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ፒተርስበርግ ላይ ፔቲፓና ኢቫኖቭ ባዘጋጁት ቅጂ፣ በሐይቁ ትዕይንት ነጭ የለበሱ በርካታ ልጃገረዶች እንደ አንድ ሰው ይንቀሳቀሳሉ። ይህ የሚታየው ከሩቅና ከከፍታ ነው፤ በእነዚያ ከተሞች የድሃ ቦታ የሚባለው ላይኛው ሰገነት ለዚህ ትዕይንት ከወለሉ ውድ ወንበር ይሻላል። ካሜራው ወደ አንዷ ፊት ከተጠጋ የተሠራው ቅርጽ ይፈርሳል። በቀጣዩ ገቢር ጥቁሯ ስዋን በአንድ እግሯ ቆማ 32 ጊዜ ትሽከረከራለች። እዚህ ደግሞ ካሜራው ከነሙሉ አካሏ ይዞ ዝም ማለት አለበት፤ በ20ኛው ዙር ላይ ወደ ልዑሉ ፊት የሚቆርጥ ዳይሬክተር ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ወደ ደጋፊዎች የሚዞር ካሜራን ይመስላል። ጥራቱ በወረደ ስርጭት ላይ ደግሞ ይህ ሽክርክሪት ነጭ ጭጋግ ይሆናል። ኦፔራ በደካማ መስመር ቢያንስ ይደመጣል፤ ባሌት በደካማ መስመር ምንም አይተርፈውም።

ታሪኩን ለማግኘት ግን የካዛንቺሱ ተመልካች ከሌሎች ያነሰ ቁልፍ የለውም። ከበደ ሚካኤል “ሮሜዎና ዡልዬት”ን ወደ አማርኛ ከመለሱ ጀምሮ የሁለቱ ፍቅረኞች ነገር በአገሩ ተዳርሷል። ፕሮኮፊየቭ በዚሁ ታሪክ የሠራው ባሌት ቃል የለውም፤ ስለዚህ ትርጉም አያሻውም። የለንደኑ ሮያል ባሌት እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 1965 የኬኔዝ ማክሚላንን ቅጂ ሲያሳይ፣ ማርጎት ፎንቴይንና ሩዶልፍ ኑሬየቭ በታዳሚው ጭብጨባ 43 ጊዜ ወደ መድረክ ተመልሰው እጅ ነሥተዋል፤ ቤቱ እስካሁንም በዚያ ቅጂ ይደንሳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ በር የለም። ለኦፔራ ደግሞ የጸጋዬ ገብረ መድኅን የ“ኦቴሎ” ትርጉም አለ። ኢያጎ የኦቴሎን ሚስት መሐረብ እንዴት እንደሚያስርቅ የሚያውቅ ሰው የቨርዲን “ኦቴሎ” ስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በግማሽ ዓይኑ እያነበበ ይከተላል። ያ ጽሑፍም የቅርብ ነገር ነው፤ ኦፔራ አዳራሽ ውስጥ ትርጉም ከመድረኩ በላይ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ቶሮንቶ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ጣሊያንኛ የማያውቅ እንግሊዛዊም እንደ ማንም ግራ ተጋብቶ ይቀመጥ ነበር።

አንድ ኦፔራ ግን ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ከሌሎቹ ጋር አይቆጠርም፤ እሱም “አይዳ” ነው። በታሪኩ አይዳ በግብፅ ቤተ መንግሥት የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ አባቷ አሞናስሮ ይባላል፤ የምትወደው ራዳሜስ ደግሞ ሕዝቧን የሚወጋ የግብፅ የጦር አዛዥ ነው። በ2ኛው ገቢር ግብፅ ድሏን ስታከብር የተሸነፉት ኢትዮጵያውያን በሰንሰለት ታስረው ያልፋሉ። ስክሪን ላይ ይህን የሚያይ ካዛንቺሴ “ኤትዮፒ”፣ ኢትዮጵያውያን፣ የሚለው ቃል ደጋግሞ ሲዘመር ይሰማል፤ በሰልፉም የተሸናፊው ወገን የእሱ ስም ያለው ነው።

ኢትዮጵያ የሚለውን ቃል በተመለከተ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በጥንት ግሪኮች አጠራር ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ምድር ሁሉ ነው፤ የፈርዖኖቹ ተጋጣሚ የነበረው ኩሽ የዛሬዋ ሱዳን ውስጥ ይወድቃል። ኦፔራው ግን ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ነበር፤ ያሠራውም የግብፅ ገዥ ኬዲቭ ኢስማኤል ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ መታየት ሲገባው፣ አልባሳቱና የመድረክ ዕቃው ፓሪስ ውስጥ በፕሩሲያ ጦር ከበባ ተይዞ ስለቀረ ዘገየ። የዚሁ የኢስማኤል ጦር በኅዳር 1868 ዓ.ም ጉንደት ላይ፣ በየካቲት መጨረሻም ጉራ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ጋር ገጠመ፤ ሁለቱንም ተሸነፈ። ካይሮ መድረክ ላይ ኢትዮጵያውያን በሰንሰለት ካለፉ 4 ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። ኦፔራው ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ነው፤ እንደ ትንቢት ቢቆጠር ግን ተገላቢጦሽ ሆኖ ወጥቷል። ይህን የሚያውቅ ተመልካች የድሉ መለከት ሲነፋ ከቪየናው ታዳሚ ሌላ ነገር ይሰማል።

አይዳን ማን ይጫወታታል የሚለው ደግሞ ቅርብ ሲታይ የሚያጋፍጥ ጥያቄ ነው። ከሰገነት ብዙ የማይለይ ነገር በቅርብ ካሜራ ይጋለጣል፤ ፊቷን ጠቆር ያለ ቀለም የተቀባች ነጭ ዘፋኝ ቀለሙ አንገቷ ላይ የት እንደሚቆም ሳይቀር በስልክ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት የቬሮና አሬና፣ ከ1913 ጀምሮ “አይዳ” በግልጽ ሰማይ ሥር የሚታይበት የሮማውያን አምፊቲያትር፣ በዚሁ ቀለም የዓለም መነጋገሪያ ሆነ፤ ጥቁር አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ኤንጀል ብሉ ቤቱ ውስጥ ሌላ ኦፔራ ልትዘፍን ተዋውላ የነበረችውን ተወችው። በሌላ ጫፍ ሊኦንቲን ፕራይስ አለች። ሚሲሲፒ ተወልዳ ያደገችው ይህች ጥቁር ሶፕራኖ እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1985 ከኦፔራ መድረክ ስትሰናበት የመረጠችው ሚና አይዳ ነበር፤ ምሽቱም በአሜሪካ ቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። በ3ኛው ገቢር አይዳ በዐባይ ዳር ቆማ አገሬን ዳግመኛ አላያትም ብላ ከዘፈነች በኋላ ታዳሚው ጭብጨባውን አላቆመም፤ ካሜራው ፊቷ ላይ ቆየ፣ እሷም ከሚናዋ ላለመውጣት ስትታገል ይታያል። እዚህ ላይ የቅርብ ካሜራው ትክክል ነበር። ከላይኛው ሰገነት ያን ትግል ያየ ሰው የለም።

ስርጭት የማይሰጠው ነገር በካዛንቺስ በደንብ ይታወቃል፤ የሰፈሩ የራሱ ሙዚቃ በተቃራኒው የሚሠራ ነውና። አዝማሪ ቤት ታዳሚው “ተቀበል!” ይላል፤ ግጥም ይወረውራል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ይዞት ይመልሰዋል፣ ብዙውን ጊዜ ወርዋሪውን እየነካ። ብር ግንባር ላይ ይለጠፋል። ዘፈኑ ምን ይሆናል የሚለው ማን ገባ፣ ማን ከማን ጋር ተቀመጠ በሚለው ይወሰናል። መላኩ በላይ ለዓመታት በሽልማት እየጨፈረ ኖሮ በኋላ የተረከበውና ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው ፈንድቃ በዚህ ልማድ ላይ የቆመ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ የካዛንቺሱ ቤትም አብሮ ፈረሰ። ከዚያ ልማድ የመጣ ሰው ስክሪን ፊት ሲቀመጥ የሚጎድለውን ያውቃል። ቪየና ላይ ያለው ቴነር ካዛንቺስ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ አይጠይቅም።

የአውሮፓ ዘመናዊ ውዝዋዜ በአካል የገባበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን ይዞ የካርል ኦርፍን “ካርሚና ቡራና” አዲስ አበባ ላይ አሳየ። ከዚያ ሥራ አዱኛ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ወጣ። ከአዱኛ ልጆች አንዱ፣ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ ተመረጠ። እነዚህ ልጆች ውዝዋዜውን የተማሩት ወለል ላይ፣ አስተማሪ እግራቸውን በእጁ እያስተካከለ ነው። ስርጭት እንዲህ አያስተምርም። የሰውነት ልምምድ ያለው ሰው ግን ስርጭቱን በሌላ ዓይን ያያል፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በዓለም የባሌት ቀን ትልልቆቹ ቤቶች የጠዋት ልምምዳቸውን በቀጥታ ሲያሳዩ፣ ለሠልጣኝ ዋናው ነገር ያ ነው፦ ያለ ቀሚስና ያለ መብራት፣ ዘንጉን ይዞ፣ ላብ እያንጠባጠበ የሚደረገው ያው የዕለት ድግግሞሽ።

ቀኖቹም ቢሆኑ የራሳቸው መላ አላቸው። የአውሮፓ ገና ታኅሣሥ 16 ላይ ስለሚውል፣ የቻይኮቭስኪ “ነትክራከር” በየቤቱ ስክሪን የሚመጣው ካዛንቺስ በጾመ ነቢያት ላይ ሳለች ነው፤ መድረኩ ላይ የጣፋጭ መንግሥት ሲከፈት እዚህ ሽሮ ይቀርባል። የቪየና ፊልሃርሞኒክ የአዲስ ዓመት ኮንሰርት ደግሞ ታኅሣሥ 23፣ ከኢትዮጵያ ገና 6 ቀን ቀድሞ፣ ከቀኑ 7፡15 ላይ ይጀምራል፤ በየመሀሉ የስቴት ባሌት ይደንሳል። ሰዓቱ ቀን፣ ርዝማኔውም ልከኛ ስለሆነ ለጀማሪ የሚመች ነው።

ይኸው ኮንሰርት የቤት ተመልካች ወደ አዳራሹ መልሶ የተሰማበት አንድ ጊዜ አለው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2013 ዓ.ም፣ በወረርሽኙ ምክንያት የቪየናው ወርቃማ አዳራሽ ያለ ታዳሚ ቀረ። ሪካርዶ ሙቲ ባዶ ወንበሮችን ከጀርባው አድርጎ መራ። ቀድመው የተመዘገቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከየአገሩ በስልካቸውና በኮምፒውተራቸው አጨበጨቡ፤ ጭብጨባቸው በአንደኛው ክፍል ማብቂያና በመጨረሻ በአዳራሹ ስፒከሮች ተለቀቀ፤ ሙዚቀኞቹም ቆመው ሰሙት። በልማድ የኮንሰርቱ መዝጊያ የራዴትዝኪ ማርሽ ነው፤ በየዓመቱ ታዳሚው ከምቱ ጋር እያጨበጨበ ነው የሚጫወተው። በዚያ ዓመት ማንም አላጨበጨበም። 30 ሰከንድ የሚዘገይ እጅ ከምት ጋር ሊገጥም አይችልምና ማርሹ ለብቻው፣ ጸጥ ባለ አዳራሽ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሰማ።